በዓመት አንድ ምሰሶ

ሥራዬ ቤት መመዝገብ ነው። ጅማ ውስጥ ያሉ አሮጌ ቤቶችን እየዞርኩ አያለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ አራት ገጽ ቅጽ እሞላለሁ። ኮሚቴ ይመጣል፣ የበላይ አካል ያጸድቃል፣ ከዚያ በቤቱ ግድግዳ ላይ «ቅርስ ነው» የሚል ሰሌዳ ይቸነከራል። ሰው «እንዴት ደስ የሚል ሥራ አለሽ» ይለኛል። እንዳፋችሁ ያድርግልኝ እላለሁ። በዚህ ደስ በሚል ሥራ አንድ ሽማግሌ ቤት አልባ አድርጌአለሁ፤ ሽማግሌውም ያከራዩኝ ሰው ናቸው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከምሰሶዎቹ ልጀምር።

ከጎጃም ለትምህርት መጥቼ፣ ተመርቄ እዚሁ ሥራ ሳገኝ፣ በአሮጌው የነጋዴዎች ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የእንጨት ፎቅ ላይ ክፍል ተከራየሁ። ምድር ቤቱ በድሮ ጊዜ የቡና መጋዘን ነበር፤ ፀሐይ ሲጠነክር ወለሉ ጀንፈል ጀንፈል ይሸት ነበር፣ ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና። ላይኛው ቤት ዙሪያውን ሰገነት አለው፤ የሰገነቱ ጣውላ እንደ ቀሚስ ጥለት ተፈልፍሏል። ይህን ሁሉ የተሸከሙት አሥራ ሁለት የዋንዛ ምሰሶዎች ነበሩ።

ባለቤቱ አናጢ ናቸው። ያን ቤት የሠሩት አባታቸው ናቸው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለውን መንትያውንም እንዲሁ። እኔ አባባ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ኢንታላ ኮ» ይሉኝ ነበር፣ ልጄ ማለታቸው ነው። አማርኛቸው ከኦሮምኛ ጋር ተቃቅፎ የሚሄድ ነው። እኔም ከሁለት ዓመት በኋላ እንደሳቸው መናገር ጀመርኩና እናቴ በስልክ «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ።

እነሱ ቤት በዓመት አንድ ምሰሶ ይቀየራል። አባታቸው የጀመሩት ነው። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ጠፈፍ ሲል፣ ጥቅምት ላይ፣ ደዶ ገጠር ያሉ ዘመዶቻቸው በጥላ ሥር ያደረቁትን ዋንዛ በአይሱዙ ይልካሉ። ጎረቤት በደቦ ይሰበሰባል። ከአንድ ሹፌር የመኪና ክሪክ ይዋሱና ከላይ ያለውን አግዳሚ ቀስ ብለው ያነሱታል፤ ቀስ ሲባል ደግሞ የምር ቀስ ነው፣ ሰገነቱ ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይፈስ። አሮጌው ምሰሶ ወጥቶ ከአዲሱ ጎን ይጋደማል። አባባ አሮጌውን በጣታቸው እየዳሰሱ አዲሱን ይጠርባሉ። አባታቸው ያወጡት ጎድጎድ እዚያው ቦታ ይወጣል፣ አባታቸው የሳቱት እንኳ እዚያው ይሳታል። አንድ ጊዜ አንዲት ጠማማ ጭረት እንደዚያው ሲደግሟት አይቼ «ይቺንስ ለምን አያስተካክሏትም?» አልኳቸው።

«እሷን ካስተካከልኩ የኔ ይሆናላ» አሉኝ። «ይሄ የኔ አይደለም።»

ከአሮጌው ምሰሶ ምስጥ ያልደረሰበት ወገን ይቆረጥና ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይወጣዋል። በርጩማው ለደቦ ለመጣ ሰው ይሰጣል። በሁለተኛው ዓመቴ ለእኔም ደረሰኝ። ጣውላ አቀብዬ፣ ሻይ አፍልቼ፣ አንድ ጊዜ ጣቴን በመዶሻ ጨፍልቄ ያገኘሁት ነው። የዚያን ቀን ጅማ ሀገሬ ሆነች ብል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ነገር ደግሞ መታወቅ አለበት። በዚያ ሰፈር አንድን ሰው «ይሄ ምሰሶ የአባትህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። አባትህ ካቆሙት ወዲህ እጅህን አላነሳህም፣ ቤቱ ሲበሰብስ ተቀምጠህ ታያለህ ማለት ነው። ጨዋ ሰው እንዲህ ሲባል ወዲያው «ኧረ ቀይሬዋለሁ!» ይላል። ይህን አውቅ ነበር። አራት ዓመት አብሬ ኖሬ እንዴት አላውቅም።

ከዚያ የመንገድ ማስፋት ወሬ መጣ። መጀመሪያ ወሬ ነበር፣ ቀጥሎ ቀይ ቀለም ሆነ። አንድ ማለዳ ስንነሳ ግድግዳችን ላይ የኤክስ ምልክት ተቀብቷል። ማዶ ያለው መንትያ ቤት ላይም እንደዚሁ። ያኛው ቤት ወራሾቹ በክስ ተፋጠው ለዓመታት ተቆልፎ የኖረ ነው፤ የሌሊት ወፍ ሰፍሮበት፣ ጣራው ላይ ሣር በቅሎበት ነበር።

አባባ ምልክቱን ለረጅም ጊዜ አዩትና «ቀለሙ መጥፎ ነው፤ እንጨት ውስጥ ይገባል» አሉ። ማታ ግን እራት አልበሉም።

መሥሪያ ቤት ገብቼ ደንቡን አገላበጥኩ። ቅርስ ተብሎ የተመዘገበ ቤት አይፈርስም፤ መንገዱ ነው የሚያጎነብስለት። ቅጹን በዚያው ሳምንት ሞላሁ። እንደዚያ በደስታ የሞላሁት ቅጽ የለም። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ቀደምት ይዞታውን ሳይለቅ የቆየ» የሚል መስመር አለ፤ አዎ ወይም አይደለም ይላል። አዎ የሚለው ላይ ሳልጠራጠር ምልክት አደረግሁ። ሌላ ምን ልበል? በአባታቸው ዘመን የነበረ ሰው ከመቃብር ቀስቅሰህ ብታመጣው የአባባን ቤት ከሩቅ ለይቶ በእግሩ ይገባበት ነበር።

ኮሚቴው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው አለቃዬ ጠራኝ። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። «ሽማግሌው ብዙ እንዳያወሩ ንገሪያቸው» አለኝ።

«ለምን?» አልኩት።

«ዝም ብሎ። ሰው ብዙ ሲያወራ ጥሩ አይደለም።»

ናቅሁት። ይህ ሰው ቤት ሲጠግን አይቶ አያውቅም፣ ወረቀት ብቻ ነው የሚያውቀው አልኩ በልቤ። ማታ ሄጄ ለአባባ በተቃራኒው ነገርኳቸው። «ለቤቱ ያደረጉትን ሁሉ ይንገሯቸው፤ ጠባቂ ያለው ቤት መሆኑን ይወቁ» አልኳቸው። እሳቸውም «ኤዬ፣ እነግራቸዋለሁ» አሉኝ። በነጋታው ለጁምዓ የሚለብሱትን ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ጠበቁን።

ከኮሚቴው ሦስት ሰዎች ውስጥ ጥያቄ የሚጠይቀው አንድ ወጣት መሐንዲስ ነበር፤ ትሑት፣ ጫማውን በር ላይ ያወለቀ፣ አባባን እጅ የነሳ። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቅለኝ ነበር። ምሰሶዎቹን በመዳፉ እየዳበሰ ዞረና «አባባ፣ ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የትኞቹ ናቸው? አባትዎ ያቆሟቸው?» አለ።

አባባ እንደተሰደበ ሰው ቀና አሉ። «የአባቴ? አንድም የለም! ማሊፍ፣ ለምን ይኖራል? ምስጥ አለ፣ ዝናብ አለ። እኔ ምን ስሠራ ኖርኩ?» አሉና ክንዱን ይዘው ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ይወስዱት ጀመር። «ይሄ ባለቤቴ የሞተች ዓመት ነው። ይሄ ያ ድርቅ የነበረ ጊዜ፤ እንጨቱ ደርቆ አስቸገረን። ይሄኛው ተራውን ሳይጠብቅ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ ወላሂ ሁለት ጊዜ! ይሄ ያምና ነው፤ ሽታው አሁንም አለ፣ አሽትተው።»

ወጣቱ እንጨቱን አሸተተ። «አሮጌዎቹስ የት ናቸው?» አለ።

«ሰፈሩ ተቀምጦባቸዋል» አሉ አባባ እየሳቁ። «ምን ይሁን፣ ይጣል?»

ሌሎቹም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ወጣቱ ብቻ አልሳቀም፤ ጎንበስ ብሎ ጻፈ፣ ጻፈ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ቀስ ባለ ድምፅ «እንግዲህ እንዲህ ከሆነ ይሄ ቤት አዲስ ቤት ነው» አለ። ለእኔ ነበር ያለኝ። አባባ አልሰሙትም፤ ለእንግዶቹ ቴምር ሊያመጡ ወደ ጓዳ ገብተው ነበር።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። በመኪናው ውስጥ ተከራከርኩ። ቤት ሥራ ነው፣ ሥራው አልተቋረጠም አልኩ። እጁ ያው እጅ ነው፣ አባት ለልጅ ያስተማረው እጅ፤ ይህንን ካልመዘገብን ምን ልንመዘግብ ነው አልኩ። ወጣቱ «እውነትሽን ነው፤ ግን ቅጹ የሚጠይቀው ስለ እንጨቱ ነው» አለኝ። ከዚያ ማዶ ያለውን ቤት አነሳ። ያ ቤት ሰው አልነካውም። ምሰሶዎቹ ሁሉ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። የሌሊት ወፍ ደግሞ ምሰሶ አይቀይርም።

በሦስተኛው ቀን አለቃዬ ቅጹን ይዞ መጣ። በር ዘጋ። «አዎ ያልሽበት መስመር ትክክል አይደለም ተብሏል» አለ። «ደግሞም ያከራዩሽ ሰው መሆናቸው ተሰምቷል። ሐሰተኛ መረጃ በሚል ወደ ሌላ ሳይሄድ በእጅሽ አርሚው፤ ፈርሚበት።»

«አዎ» የሚለውን ሰረዝኩ። «ምሰሶዎቹ በሙሉ ተቀይረዋል» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ውሸት አልጻፍኩም፤ ቃል በቃል እሳቸው ያሉትን ነው የጻፍኩት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይህችን ተረት የተረተ ሰው ቅጽ ሞልቶ አያውቅም።

ይህ እንኳ የደረሰብኝ ነው እላለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን እኔ ያደረስኩት ነው፤ ይህን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ቤቱ አይመዘገብም በሚለው ውሳኔ ላይ ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ ነበረ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ሰፈሩ ፈርሞ፣ የሃይማኖት አባት ጨምሮ ቢኬድ ይታይ ነበር፤ ሌላ ሰፈር እንዲህ ሆኖ የዳነ ቤት አውቃለሁ። አባባ በየማታው ከሥራ ስገባ ሰገነቱ ላይ ሆነው «ኢንታላ ኮ፣ ምን አሉ?» ይሉኛል። እኔ በየማታው «ገና እየታየ ነው» እላቸዋለሁ። ለምን? አፈርኩ። በራሴ እጅ የጻፍኩትን በአፌ ለመናገር አፈርኩ። ደግሞ አንድ ነገር ይፈጠራል፣ አንድ ትልቅ ሰው ይመጣና ቤቱን አይቶ ይወደዋል እያልኩ ራሴን አሞኘሁ። ማንም አልመጣም። ጊዜው አለፈ። እሳቸውም ወሬውን ከእኔ አልሰሙም፤ የማፍረሻው ደብዳቤ ነው የነገራቸው።

ደብዳቤውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ቅሬታ በጊዜው አለመቅረቡን የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። «ቀጥዪ» አሉኝ። ቀጠልኩ። ሲያልቅ ተነሥተው ለሶላት ውዱእ አደረጉ።

ቤቱን በራሳቸው እጅ ለመፍታት ለመኑ። እንጨቱን እያንዳንዱን ቁጥር ሰጥተው፣ ነቅለው፣ ሌላ ቦታ ሊያቆሙት ይችሉ ነበር፤ አባታቸው ያለ ሚስማር ነው የገጠሙት፣ የገጠመ ይፈታል። ጊዜ የለም ተባሉ። ሎደር መጣ። ጠዋት ነበር፣ ተማሪዎች ቆመው ያያሉ፣ አንዳንዶቹ በስልክ ይቀርፃሉ። የበሰበሰ እንጨት ሲወድቅ ድፍን ድምፅ ነው ያለው። የአባባ ምሰሶዎች ሲሰበሩ ግን እየጮኹ ነበር፤ ደህና እንጨት ነበሩ። ከዚያ አንድ የጭነት መኪና ለሸክላ መተኮሻ ነው ብሎ ሁሉንም ጭኖ ወደ አሰንዳቦ መንገድ ሄደ። አባባ ቆመው አዩ። እኔ አጠገባቸው መቆም አልቻልኩም፤ ከሱቁ በረንዳ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት።

ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ አንድ የእህታቸው ልጅ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተሰጣቸው። ምትክ ቦታ ይሰጣል ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠበቃል። እኔ አንድ ኮሌጅ አጠገብ ሌላ ክፍል ተከራየሁ፤ የሲሚንቶ ቤት ነው፣ ምንም አይሸትም።

ማዶ ያለው ቤት ተመዘገበ። የሰሌዳውን ቃል በሁለት ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «ይህ ቤት የከተማችን ቅርስ ነው። መንካት በሕግ ያስቀጣል።» ስንቸነክረው ከግድግዳው የጭቃ ልስን ተገምሶ የአለቃዬ ጫማ ላይ ወደቀ። ንግግር ተደረገ። መንገዱም ደርሶ ለዚያ ቤት ትንሽ ጎበጥ አለለት።

በዓመቱ ክረምት ሲገባ የዚያ ቤት አንድ ማዕዘን ወደ መንገድ ማዘንበል ጀመረ። መሥሪያ ቤቱ ተደናገጠ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚያውቅ አናጢ ፈልጊ ተባልኩ። በከተማው ውስጥ ያን ሥራ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ስሙን የሚጠራ ግን ጠፋ። ሄድኩ። ፊት ነሥተው የሚመልሱኝ መስሎኝ ነበር። አባባ ግን ምንም ሳይጠይቁ ቱንቢያቸውን ከምስማር አውርደው ተከተሉኝ። የአባታቸው ሥራ ነዋ።

ቱንቢውን አውርደው ለኩ። ምሰሶዎቹን በጥፍራቸው ወጋ ወጋ አደረጉ። «ሁለቱ አልቀዋል» አሉ። «ሁለቱን ብቻ እንቀይር፣ ቀሪው ሃያ ዓመት ይቆማል። ለደዶ ልደውል?»

አጠገቤ የቆመው አለቃዬ መሬት መሬት አየ። ስለዚህ እኔ ተናገርኩ። «አባባ፣ መቀየር አይፈቀድም። የመጀመሪያዎቹ ስለሆኑ ነው የተመዘገበው። በባሕር ዛፍ ደግፈው እንዲያቆሙልን ነው የፈለግነው።»

«ለበሽተኛ መድኃኒት ከልክሎ ምርኩዝ መስጠት ነው» አሉ። ቱንቢያቸውን ጠቀለሉ። የመጡበትን ልንከፍላቸው ብንል እንቢ ብለው በእግራቸው ሄዱ። ቤቱን ሌላ ሰው በባሕር ዛፍ ደገፈው።

ነሐሴ ላይ ወደቀ። አርብ ነበር፣ ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል፤ ሰዉ መስጊድ ስለሆነ መንገዱ ባዶ ነበር፣ ማንንም አልነካ። ሰሌዳውን ከጭቃ ውስጥ አውጥተን አጠብነው፤ ንብረት ክፍል ተረክቦ ፈረመልኝ። ሪፖርቱን እኔ ጻፍኩ። «የወደቀበት ምክንያት» ከሚለው መስመር ፊት «እርጅና» ብዬ ጻፍኩ። ያን ጊዜ ግን አርሚ ያለኝ የለም።

በማግሥቱ ጊንጆ ጉዱሩ አባባ ዘንድ ሄድኩ። ሰምተው ነበር። በመጀመሪያ የጠየቁኝ ሥሩ ሰው ነበረ ወይ ብለው ነው። አልነበረም ስላቸው «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ሻይ ቀዱልኝ።

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው። «አዎ» የሚለውን በራሴ እጅ እንደሰረዝኩ፣ ቅሬታ የሚቀርብበትን ጊዜ እያወቅሁ እንዳሳለፍኩት፣ በየማታው «እየታየ ነው» ስላቸው ውሳኔው ተወስኖ እንዳደረ። አለቀስኩ፤ ማልቀሴም አናደደኝ፣ ማልቀስ የሚገባው ሰው እኔ አልነበርኩምና። ከዚያ በእነሱ ወግ፣ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲጣላና ሲታረቅ እንደሰማሁት፣ «አባባ፣ አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

የሻዩን ብርጭቆ አንሥተው መልሰው አስቀመጡት።

«እኔ አፉ ብዬሻለሁ» አሉ። «ወላሂ፣ በልቤ ምንም የለም። የኔ ሐቅ ሐላል ይሁንልሽ። ግን ቤቱ የኔ ብቻ አልነበረም። የአባቴ ሐቅ አለበት። በየዓመቱ እንጨት እየላኩ ያለፉት የደዶዎቹ አለ። የሟቿ ባለቤቴ አለ። የነሱን እኔ አፉ ልልልሽ አልችልም።»

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ?» አልኳቸው።

«እነሱን ነዋ» አሉኝ በእርጋታ፣ መንገድ እንደሚያሳይ ሰው። «እዚያ በወዲያኛው ዓለም ስንገናኝ ትጠይቂያቸዋለሽ። አሁን ሻይሽን ጠጪ፣ ይበርዳል።»